ገመድ የሚውጥ ጀልባ

በ2010 ዓ.ም. በኅዳር ወር ከዘጌ ወደ ባሕር ዳር በሞተር ጀልባ ስንመለስ፣ ሐይቁ መሐል አንዲት ጀልባ ሞተሯ ጠፍቶባት ቆማ አገኘን። አሥራ ሁለት ያህል ሰዎች ተሳፍረውባታል። ከመሐላቸው አንዲት እናት ሕፃን ልጇን በነጠላ ሸፍና፣ ጀርባዋን ለነፋሱ ሰጥታ ተቀምጣለች። የእኛ ባለጀልባ ዕድሜያቸው ወደ ስልሳ የተጠጋ፣ ብዙ የማይናገሩ ሰው ነበሩ። ማንንም ሳያማክሩ አዙረው ተጠጉና ረዳታቸው ገመድ እንዲወረውር አዘዙት። ጣና ላይ የተቸገረ አይቶ ማለፍ ነውር ነው።

ገመዱ ተወረወረ፤ ታሰረም። ነገር ግን ከሚያስፈልገው በላይ ረጅም ነበርና መሐሉ ረግቦ ውሃው ውስጥ ገባ። ባለጀልባው ትንሽ ወደ ኋላ ልጠጋ ብለው ማርሹን ሲቀይሩ ሞተሩ እንደታነቀ በሬ አንዴ አጓርቶ ጸጥ አለ። “በላው!” አሉ ባለጀልባው። ገመዱ ፕሮፔለሩ ላይ ተጠምጥሟል። አሁን የቆመችው ጀልባ አንድ መሆኗ ቀርቶ ሁለት ሆኑ፤ ያውም በአንድ ገመድ የተሳሰሩ ሁለት። ከሰዓት በኋላ የሚነሣው የጣና ነፋስም ሁለታችንንም ወደ ዳርቻው ድንጋይ ይገፋን ጀመር።

ባለጀልባው ሸሚዛቸውን አውልቀው ቢላዋ አነሡ። ከመዝለላቸው በፊት ግን አንድ ነገር ሲያደርጉ አየሁ። ከሞተሩ ላይ አንዲት ቀይ የፕላስቲክ ቁራጭ ከነማንጠልጠያዋ ነቅለው በጥርሳቸው ነከሱ፤ ከዚያ ዘለው ገቡ። ረዳቱ ገና ልጅ ነው። በጣም ደንግጦ ነበርና እርሳቸው ከሥር ሆነው ገመዱን ሲቆርጡ እርሱ ከላይ የሞተሩን ማስነሻ ይዞ ሁለት ጊዜ ሳበው። ሞተሩ አልተነሣም። ሊነሣም አይችልም ነበር፤ ያቺ ቀይ ቁራጭ ካልተሰካች ሞተሩ እሳት አያገኝም፤ እርሷ ደግሞ በሰውየው ጥርስ መሐል ናት።

ድንጋዩ ጋ ሳንደርስ ገመዱ ተቆርጦ ወጣ። ያችንም ጀልባ ጎትተን ባሕር ዳር ገባን። ወደብ ላይ ሻይ እየጠጣን ዕውቀት ያለኝ መስሎኝ፣ “ጋሼ፣ ፕሮፔለር የሌለው ጀልባ አለ ይባላል። እንዲያ ያለ ቢኖርዎት ኖሮ ይህ ሁሉ አይደርስብዎትም ነበር” አልኳቸው።

“ፕሮፔለር ከሌለው በምኑ ይሄዳል?”

“ከሥሩ ውሃ ይስባል፤ በኋላው በኩል በኃይል ይተፋዋል። የተፋው ውሃ ይገፋዋል።”

ትንሽ አሰቡ። “የሚስብ ከሆነማ ገመዱንም ይስበዋል” አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። አዲስ አበባ ከተመለስኩ በኋላ ግን ነገሩ አላስተኛኝም፤ ስለ ጄት ጀልባ የተጻፈ ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብ ጀመርኩ። ካነበብኩት ውስጥ ለአንባቢ የሚሆነውን እነሆ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላልና ከሥሩ እንነሣለን። ከዚህ በታች እስከ ጣና እስክንመለስ ድረስ የምጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ውሃን ስቦ ወደ ኋላ በመርጨት ጀልባን መግፋት የትናንት ሐሳብ አይደለም። ጄምስ ራምዚ የተባለ አሜሪካዊ በዲሴምበር 1787 ፖቶማክ ወንዝ ላይ፣ ሼፐርድስታውን ከተባለችው ከተማ ፊት ለፊት፣ በእንፋሎት ፓምፕ የሚሄድ ጀልባ ለሕዝብ አሳይቷል። ቤንጃሚን ፍራንክሊንም ከእርሱ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ሐሳቡን በጽሑፍ አንሥቶት ነበር። ራምዚ ድጋፍ ፍለጋ ወደ እንግሊዝ ተሻግሮ እዚያው ለንደን ውስጥ በ1792 ሞተ። ጀልባውም ከእርሱ ጋር የተቀበረ መሰለ።

ለእኔ ይበልጥ የገረመኝ ግን ከዚያ በኋላ የመጣው የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ሙከራ ነው። በ1866 “ዋተርዊች” የተባለች ብረት ለበስ የጦር መርከብ ተሠራች። ፕሮፔለር የላትም። ሆዷ ውስጥ ሩትቨን የተባለው መሐንዲስ ያቀደው ትልቅ ፓምፕ አለ፤ ከሥር የሳበውን ውሃ በጎንና ጎኗ ይተፋዋል። ለምን እንዲህ ያለ ጣጣ ውስጥ ገቡ? የዘመኑን መርከቦች ማሰብ ነው። ያን ጊዜ የጦር መርከብ እንፋሎትም ሸራም ነበረው። መድፍ ምሰሶውን ሲመታው ሸራው ከነገመዱ ባሕር ላይ ይወድቃል። የወደቀው ገመድ ከኋላ የሚሽከረከረው ፕሮፔለር ላይ ከተጠመጠመ መርከቡ በተኩስ መሐል ይቆማል፤ የቆመ መርከብ ደግሞ የጠላት ዒላማ ነው። የፓምፑ ደጋፊዎች ከሚያቀርቧቸው ክርክሮች አንዱ ይኸው ነበር፤ ከውጭ የሚሽከረከር ነገር የሌለው መርከብ ገመድ የሚይዘው የለም የሚል ነው።

ልብ እንበል፤ ገና ከጠዋቱ ይህ ሞተር የተወደደው ከገመድ ያድናል ተብሎ ነው። እኔም ወደብ ላይ ለባለጀልባው የነገርኳቸው ሳላውቀው የ1860ዎቹን እንግሊዞች ክርክር ነበር።

“ዋተርዊች” ዘጠኝ ኖት ያህል ሄደች። ፕሮፔለር ካላቸው እኩዮቿ ጋር ስትወዳደር አልረባችም፤ ባሕር ኃይሉም ፓምፑን ትቶ ከፕሮፔለሩ ጋር ቀጠለ። ነገሩ እንደገና ነፍስ የዘራው ከመቶ ዓመት ግድም በኋላ፣ ከማንም ባሕር ኃይል ርቆ፣ በአንድ በግ አርቢ እጅ ነው።

ቻርልስ ዊልያም ፊልደን ሃሚልተን፣ ሰው ሁሉ እንደሚጠራው ቢል ሃሚልተን፣ በ1899 ኒውዚላንድ ውስጥ ተወለደ። በ1921 በአገሪቱ ደቡብ ደሴት፣ መኬንዚ በሚባለው ደጋ፣ አይሪሽማን ክሪክ የተባለውን የበግ እርባታ ገዛ። ሰውየው በግ ከማርባቱ ይልቅ ብረት መቀጥቀጡ ይበልጥበት ነበር። ግቢው ውስጥ ወርክሾፕ አቋቁሞ ለኤሌክትሪክ ማመንጫ ግድብ ሲሠራ የአፈር መዛቂያውን መሣሪያ ሳይቀር ራሱ ፈለሰፈ። የአካባቢው ወንዞች ከበረዶ ተራራ የሚወርዱ፣ በሰፊ የጠጠር ሜዳ ላይ እንደ ሹሩባ እየተከፋፈሉ እንደገና እየተገናኙ የሚሄዱ ናቸው። በብዙ ቦታ ጥልቀታቸው ከጉልበት አያልፍም፤ አንዳንዱ ጋ ቁርጭምጭሚትም አይደርስ። ፕሮፔለር ያለው ጀልባ እዚያ ውሃ ላይ ብዙ ሳይሄድ ጠጠሩን እየገጨ ይሰባበራል። ሃሚልተን ከልጅነቱ ጀምሮ የሚመኘው እነዚህን ወንዞች ሽቅብ የሚወጣበት ጀልባ ነበር።

በ1950ዎቹ መጀመሪያ፣ ሰውየው ዕድሜው ሃምሳን አልፎ፣ ሥራውን ጀመረ። መነሻ ያደረገው ሃንሊ የተባለ አሜሪካ ሠራሽ የውሃ ግፊት መሣሪያን ነው። ፓምፑ ውሃውን የሚተፋው ከጀልባው ሆድ ሥር፣ ውሃው ውስጥ ነበርና የመጀመሪያዋ ጀልባ በሰዓት አሥራ አንድ ማይል ብቻ ሄደች። በ1954 አብሮት የሚሠራ ሰው ባቀረበው ሐሳብ መትፊያውን አፈ ሙዝ ከውሃው በላይ፣ በጀልባዋ ጀርባ አወጡት። ፍጥነቷ ወደ አሥራ ሰባት ማይል ዘለለ። ከሥሯም ድንጋይ የሚገጨው ምንም ነገር አልቀረም። እንግዲህ የዘመናዊው ጄት ጀልባ ልደት ይህ ነው። ሃሚልተን ግን ፈጠርኩ ብሎ አልተኮፈሰም፤ ክብሩ የጥንቱ የአርኪሜደስ ነው እያለ ይቀልድ ነበር። በ1974 የ“ሰር” ማዕረግ ተሰጠው፤ በ1978 ሞተ።

ከዚያ በኋላ ያለው የዝና ታሪክ ስለሆነ በአጭሩ ልለፈው። በ1960 ልጁ ጆን ሃሚልተን አሜሪካ ውስጥ የኮሎራዶን ወንዝ በግራንድ ካንየን ገደል መሐል ሽቅብ ነድቶ ወጣ፤ ከዚያ በፊት ያን ያደረገ አልነበረም። በ1977 ኤቨረስትን የረገጠው ኤድመንድ ሂላሪ በጄት ጀልባዎች ጋንጅስን ከባሕር ወደ ሂማላያ ተጓዘበት። በእኛው አባይ ላይ ግን ይህ ጀልባ አልቀደመም። በ1968 የእንግሊዝ ጦር መኮንን የነበረው ጆን ብላሽፎርድ ስኔል የመራው ቡድን አባይን ሲወርድ የተጠቀመው በጎማ ጀልባዎችና ከኋላ ሞተር በሚንጠለጠልባቸው የጦር ጀልባዎች ነበር። ከባልደረቦቹ አንዱ፣ ኢያን ማክላውድ የተባለ ወታደር፣ ገባር ወንዝ ሲሻገር ሰጥሞ ሞተ። ያው ብላሽፎርድ ስኔል በ1974 ወደ ዛየር ወንዝ ሲዘምት ጄት ጀልባዎችን ከነጆን ሃሚልተን ይዞ ሄደ።

አሁን ወደ ባለጀልባው ዐረፍተ ነገር እንመለስ፤ “የሚስብ ከሆነማ ገመዱንም ይስበዋል።”

ጄት ጀልባ ልብሱን ቢያወልቅ ፓምፕ ነው። መቂና ዝዋይ አካባቢ በፓምፕ የሚያጠጣ ገበሬ ያየ ሰው ይገባዋል። የመሳቢያው ቱቦ ጫፍ ላይ ወንፊት ያልተደረገለት ፓምፕ ቅጠሉንም ጭቃውንም እየጎረሰ ይታነቃል። የጄት ጀልባም አፍ አለው፤ ከሆዱ ሥር፣ ወደ ኋላ ገባ ብሎ ይገኛል። አፉ ላይ የብረት ፍርግርግ አለ። ፍርግርጉ የተሠራው ለድንጋይ ነው። ዘንጎቹ ከጀልባው ርዝመት ጋር ትይዩ ሆነው ስለሚሰለፉ ትልቅ ድንጋይ አያሳልፉም፤ ውሃው ግን ሳይጨናነቅ ይገባል። ገመድ ደግሞ ድንጋይ አይደለም። ጫፉ ወይም የረገበው ቅንጣት በሁለት ዘንጎች መሐል ሾልኮ ከገባ የሚያቆመው የለም።

ከገባ በኋላ ምን ይሆናል? በአፉ ውስጥ የሚያልፍ ዘንግ አለ፤ ከሞተሩ ተነሥቶ ውስጠኛውን ባለክንፍ ተሽከርካሪ የሚያዞረው ነው። ገመዱ መጀመሪያ እዚህ ዘንግ ላይ እንደ ክር በእንዝርት ይጠመጠማል። ቀጥሎ ክንፎቹና ዙሪያውን የከበባቸው ቀለበት መሐል ይሰነቀራል። ያ ክፍተት በጣም ጠባብ ነው፤ ፓምፑ ኃይል የሚያገኘውም ጠባብ በመሆኑ ነው። ሞተሩ ይታነቃል፤ አለዚያም ማያያዣው ይሰበራል። የገመዱ ሌላ ጫፍ ከምንም ጋር ካልታሰረ ጉዳቱ እዚያው ያበቃል። ከሰው ጋር ከሆነ ወይም ሰው እጁ ላይ ጠምጥሞት ከነበረ ግን እንዝርቱ ሰውየውንም ይጠቀልለዋል።

ይህን ሳነብ የቆምኩበት አንድ ቦታ አለ። መኪና የነዳ ሁሉ ፎሌ ምን እንደሆነ ያውቃል። ማርሹ ፎሌ ሲሆን ሞተሩ ቢጮህም ጎማው አይዞርም። ፕሮፔለር ያለው ጀልባም እንደዚያው ነው፤ ፎሌ ሲደረግ ፕሮፔለሩ ይቆማል። አብዛኛው ጄት ጀልባ ግን ፎሌ የለውም። ሞተሩ ከፓምፑ ጋር ያለ ካምቢዮ በቀጥታ የተያያዘ ነው። ነጂው “ቁም” ሲል የሚሆነው ምንድነው? ከአፈ ሙዙ ኋላ ያለ መክደኛ ዝቅ ይልና የሚተፋውን ውሃ ግማሹን ወደ ኋላ፣ ግማሹን ወደ ፊት ይከፍለዋል። ሁለቱ ግፊቶች እኩል ስለሚሆኑ ጀልባው ባለበት ይቆማል። ከሥር ያለው አፍ ግን እንደ ወትሮው እየሳበ ነው።

ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ጀልባው ሲሮጥ ማንም ገመድ አጠገቡ አያስጠጋም። ሲቆም ግን ገመድ ይወረወራል፣ ገመድ ይሰበሰባል፣ ዋናተኛ ይጠጋል፣ ሕፃን በጀርባው በኩል ይወጣል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው እንዲህ ላለው ነው። “ፕሮፔለር የለውም፣ ሰው አይቆርጥም” ተብሎ የተመሰገነው ጀልባ ይበልጥ የሚያሰጋው ዝም ባለበት ሰዓት ነው። የእነዚህ ጀልባዎች መመሪያዎች ረጅም ጸጉርን፣ የተንዠረገገ ልብስንና የመንሳፈፊያ ጃኬት ማሰሪያን ከአፉ አርቁ የሚሉት በከንቱ አይደለም።

ወደ ኋላ ሲሄድ ደግሞ ሌላ ነገር ይመጣል። ጄት ጀልባ ወደ ኋላ የሚሄደው ተሽከርካሪውን በተቃራኒ በማዞር አይደለም። ያው መክደኛ ጨርሶ ይወርድና ውሃውን ሁሉ በጀልባው ሆድ ሥር ወደ ፊት ይመልሰዋል። እንግዲህ በጀልባው ጀርባ የረገበ ገመድ ካለ፣ ያ ውሃ ይዞት የሚሄደው ወዴት ነው? ወደ ሆዱ ሥር፣ አፉ ወዳለበት ነው። ጣና ላይ ገመዳችን የተበላው ወደ ኋላ ስናፈገፍግ መሆኑን አስታውሼ፣ ጄት ጀልባ ቢሆን ኖሮም ያው ነበር ብዬ ለራሴ ሳቅሁ።

አንድ አጋጣሚ ላንሣ። ሃሚልተን ጀልባውን ባቃናበት በዚያው በ1954፣ ጣሊያን ሚላኖ ከተማ ውስጥ ጁልዮ ናታ የተባለ ኬሚስት ፖሊፕሮፒሊን የሚባለውን ፕላስቲክ አገኘ። ለዚህና ለተያያዘው ሥራ በ1963 ከጀርመናዊው ካርል ሲግለር ጋር ኖቤል ተሸልሟል። የፖሊፕሮፒሊን ክብደት ከውሃ ያነሰ ነው፤ ውሃው 1 ቢባል እርሱ 0.9 ግድም ነው። ናይለን 1.14 ነው፤ ስለዚህ ይሰጥማል። የድሮው የቃጫና የማኒላ ገመድም ውሃ ሲጠጣ ይሰጥማል። ከፖሊፕሮፒሊን የተፈተለ ገመድ ግን ይንሳፈፋል። በሁለት የዓለም ጫፍ ያሉ፣ አንዱ ስለሌላው ሳያስቡ የሠሩ ሁለት ሰዎች፣ አንዱ ከሥር የሚስብ አፍ፣ ሌላው ከላይ የሚንሳፈፍ ገመድ በአንድ ዓመት ሰጡን። በጀልባ እየተጎተቱ ውሃ ላይ መንሸራተት የሚወዱ ሰዎች ዛሬ የሚይዙት ገመድ ባብዛኛው የሚንሳፈፍ የሆነው ስለዚህ ነው። ግን መንሳፈፉ ብቻውን አያድንም። ጀልባው በላዩ ካለፈ የተንሳፈፈውም ገመድ ከሆዱ ሥር ይገባል።

ትምህርቱ በብዙ ዋጋ የተገኘበት ቦታ ሃዋይ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሌርድ ሃሚልተንና ጓደኞቹ (ከኒውዚላንዱ ሃሚልተን ጋር የስም መመሳሰል እንጂ ዝምድና የላቸውም) በእጅ ቀዝፈው ሊደርሱባቸው የማይችሉ ግዙፍ ማዕበሎች ላይ በሞተር እየተጎተቱ መድረስ ጀመሩ። መጀመሪያ በፕሮፔለር የሚሄድ የጎማ ጀልባ ነበራቸው። ብዙም ሳይቆይ እንደ ሞተር ብስክሌት ተቀምጠው የሚነዷትን ትንሿን ጄት ያዙ፤ ማዊ ደሴት ላይ ፔአሂ በተባለው ቦታ ቤት የሚያክል ማዕበል ላይ ወጡባት። አንዱ ይነዳል፣ ሌላው ገመድ ይዞ ከኋላ ይጎተታል። ማዕበሉ ሲነሣ የሚጎተተው ገመዱን ይለቃል። የተለቀቀው ገመድ ከጄቷ ኋላ እየተንሳፈፈ ይቀራል። ጓደኛው ማዕበሉ ውስጥ ወድቆ ከታየ ነጂው ሊያነሣው በፍጥነት ይዞራል። ሲዞር ያን የተንሳፈፈ ገመድ ካለፈበት ጄቷ ትውጠዋለች፤ ትታነቃለችም። ቀጣዩ ማዕበል ሲመጣ የሚሰጥመው ሰው አንድ መሆኑ ቀርቶ ሁለት ይሆናል።

ከዚህ የተነሣ የተለመዱት ዘዴዎች ተአምር የለባቸውም። ነጂው ሲዞር ክቡን ሰፋ አድርጎ ይዞራል፤ ገመዱ ሁልጊዜ ከኋላው ቀጥ ብሎ እንዲሳብ እንጂ ወደ ጎኑ እንዲረግብ አይፈቅድም። መቆም ካለበት አስቀድሞ ገመዱን ወደ ውስጥ ይሰበስባል፤ ካልሰበሰበ ሞተሩን ያጠፋል። ገመዱ የት እንዳለ ካላየ ነዳጅ አይሰጥም። ጀልባ ጎታች ከሆነ ደግሞ ገመዱን ወርውሮ ከመጠባበቅ ይልቅ አንዱን ጫፍ ካሳሰረ በኋላ ቀሪውን በእጁ ቀስ በቀስ ይለቃል፤ ውሃው ላይ ትርፍ አይጥልም። ሌላው የሽማግሌ መርከበኞች ብልሃት ነው፤ ፊት ላይ የታሰረው ገመድ በድንገት ቢወድቅ እንኳ አፉ ጋ እንዳይደርስ አድርጎ ማሳጠር። ይህን ለማወቅ ሜትርም አያስፈልግ፤ ገመዱን በጀልባው ጎን ዘርግቶ ማየት ነው።

ከተበላ በኋላስ? የመጀመሪያው ነገር ሞተሩን አጥፍቶ ቁልፉን መንቀል ነው። የኒውዚላንዱ ፓምፕ ከላዩ፣ ከውሃው መስመር ከፍ ብሎ፣ የሚከፈት መክደኛ አለው፤ ጀልባው ውሃ ላይ እንዳለ ከፍቶ እጅ አስገብቶ ገመዱን መጎልጎል ይቻላል። ጀልባው ከኋላ በኩል ከባድ ጭነት ካለው ግን በዚያ ቀዳዳ ውሃ ይገባልና መጀመሪያ ሰዉን ወደ ፊት ማስጠጋት ነው። ትንሿ ጄት መክደኛ የላትም፤ ወደ ዳርቻ ተጎትታ ከሥር ትጎለጎላለች። እዚህ ላይ ሌላ ወጥመድ አለ። ጄቷ ስትጎተት ውሃ በራሱ ግፊት በማቀዝቀዣው ቱቦ እየገባ ሞተሩን ሊሞላው ይችላልና፣ ወይ ቱቦውን ቆንጥጦ መዝጋት ወይ በጣም ቀስ ብሎ መጎተት ነው። ትልልቆቹ የሥራ ጀልባዎች ካምቢዮ ስላላቸው ተሽከርካሪውን በተቃራኒ አዙረው የጎረሱትን ቅጠል ያስተፉታል። ገመድን ግን እንዲህ አድርጎ ለማስወጣት መሞከር አንዳንዴ ይበልጥ ማጥበቅ ነው፤ ቢላዋው ይሻላል።

ይህን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ ጄት ጀልባ ለጣና ይሆናል ወይ ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። አይሆንም ባይ ነኝ። ጣና የሃሚልተን የጠጠር ወንዝ አይደለም። ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ሐይቁ ላይ የተንሰራፋው እምቦጭ ሥሩ እንደ ጸጉር የተንዠረገገ ነው። በዚያ ላይ ዓሣ አስጋሪዎች የጣሉት የናይለን መረብ አለ። ፕሮፔለር መረብ ሲይዘው ሞተሩን አጋድሞ ከላይ ሆኖ ማየት ይቻላል፤ ሆዱ ውስጥ የገባውን ግን ማን ያየዋል? ኒውዚላንዳዊው ጀልባውን የሠራው ለራሱ ወንዝ ነው፤ እንደኔ እንደኔ ለሁሉም ውሃ አልተሠራም።

በ2011 ዓ.ም. ለሌላ ጉዳይ ባሕር ዳር ስሄድ ባለጀልባውን ፈልጌ አገኘኋቸው። ያነበብኩትን ነገርኳቸው፤ የእንግሊዞቹን መርከብ፣ በግ አርቢውን፣ ፎሌ የሌለውን ሞተር። በትዕግሥት አዳመጡኝ። ስለ ሞተሩ ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ “ቆሞ የሚበላ” አሉ፤ ሌላ አስተያየት አልሰጡም። ከዚያ ተነሥተው ጀልባቸው ፊት ላይ የታሰረውን ገመድ በጎኗ ዘረጉት። ጫፉ ከፕሮፔለሩ ክንድ ያህል ሲቀረው ያልቃል። “ያን ቀን የተረፈው ነው፤ አልቀጠልኩትም” አሉ። መጎተቻው ገመድ ለብቻው በማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ተጠምጥሞ ተቀምጧል።

ያቺን ቀይ የፕላስቲክ ቁራጭ አንገታቸው ላይ፣ ከማተባቸው ጋር አንጠልጥለዋታል። ስመለከታት አዩኝ።

“ጋሼ፣ ልጁ ያን ቀን ሞተሩን ሲስበው አይቼ ነበር፤ ልነግርዎት ፈርቼ ነው” አልኳቸው።

“ከሥር ሆኜ ሰምቼዋለሁ። ሁለት ጊዜ ሳበው።”

“አልተቆጡትም?”

“ምን ብዬ እቆጣዋለሁ፤ ከመዝለሌ በፊት ‘አትንካ’ አላልኩት” አሉና ገመዱን ይጠመጥሙ ጀመር። “አሁን እርሱም የራሱን ጀልባ ይነዳል። መጀመሪያ ያሳየሁት ይህችን ነው።”